የብርሃን ማበጠሪያና የተመለጠ ራስ

የራስ ጠጉር መመለጥ ሰውን አይገድልም፤ ከሥራም አያግድም። ነገር ግን ገና በ25 ወይም በ30 ዓመቱ የግንባሩ ጠጉር ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚያይ ጐልማሳ፣ ወይም በየማለዳው ከማበጠሪያዋ ላይ የረገፈ ጠጉሯን የምትለቅም እመቤት፣ ነገሩን እንደ ቀላል አይመለከቱትም። ኀዘናቸው እውነተኛ ነው። ነጋዴውም ይህን ኀዘን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ትናንት ቅባትና ዘይት ይዞ እንደ ቀረበ ሁሉ፣ ዛሬ ደግሞ ቀይ ብርሃን የሚያበራ ማበጠሪያና ቆብ ይዞ ይቀርባል።

በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚሁ የብርሃን ሕክምና ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። ምክንያታችንም ይህ ሕክምና በገበያ እንደሚዞሩት ብዙ የጠጉር መድኃኒቶች ከወሬ በቀር ማስረጃ የሌለው ስላልሆነ ነው። ቆዳ ሳይቈረጥ፣ መርፌ ሳይወጋ፣ የሚዋጥ ነገር ሳይኖር የሚሰጥ ሕክምና ሲሆን፣ በሚገባ ተፈትኖ ጥቂት ፍሬ አሳይቷል። ዳሩ ግን ፈተናው ያሳየው ፍሬ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ይልቁንም በማን ራስ ላይ እንደ ተደረገ ሳይጠይቁ ገንዘብ ማውጣት ከጥበብ አይቈጠርም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህም ነገር ያገለግላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጠጉር እንዴት ይበቅላል፣ እንዴትስ ይመለጣል?

በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ጠጉር ይገኛል። እያንዳንዱም የራሱ ዕድሜ አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ድረስ በየወሩ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ እያደገ ይኖራል፤ ከዚያም በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ እድገቱን ያቆማል፤ 3 ወር ያህል ዐርፎም ይረግፋል። ሥሩ ግን በሥፍራው ስለሚቀር ሌላ ጠጉር ያበቅላል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጉር ቢረግፍ የጤና እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም።

በዘር በሚወረሰው መመለጥ ጊዜ የሚበላሸው ይህ ተራ ነው። የጠጉሩ ሥር በአንድ ቀን አይሞትም፤ በየተራው እየቀጨጨ ይሄዳል። ትናንት ወፍራምና ረጅም ጠጉር ያበቀለው ሥር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ስስ ጠጉር ብቻ ያወጣል። በወንዶች ላይ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከግንባር ግራና ቀኝ ወይም ከመኻል አናት ይጀምራል። በሴቶች ላይ ግን የግንባሩ መስመር ሳይሸሽ በመኻል አናት ያለው ጠጉር ይሳሳል፤ የተከፈለበትም መስመር እየሰፋ ይሄዳል።

የዚህም ምክንያት የዘር ውርስና የወንድነት ሆርሞን መተባበር ነው። በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ፣ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች በዚህ ዓይነት እንደማይመለጡ ገለጡ። ሆርሞኑ በመድኃኒት መልክ ሲሰጣቸው ግን ከመካከላቸው የመመለጥ ዘር ያላቸው መመለጥ ጀመሩ፤ መድኃኒቱ በተቋረጠ ጊዜም መመለጡ ቆመ። እንግዲህ ራሰ በራነት ከባርኔጣ፣ ከሐሳብ ብዛት ወይም ራስን ደጋግሞ ከመታጠብ የሚመጣ ነገር አይደለም። ራስን በሳሙና መታጠብ ጠጉር አይነቅልም፤ በሚታጠቡበት ጊዜ የሚወርደው ጠጉር አስቀድሞ ዕድሜውን የጨረሰው ነው።

ብርሃኑ ከየት መጣ?

ሌዘር የሚባለው ብርሃን አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ እንደ ፋኖስ ብርሃን ሳይበተን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ነው። የመጀመሪያው የሌዘር መሣሪያ በ1960 በአሜሪካን አገር ተሠራ። ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት እንድሬ ሜሽተር የተባሉ ሐኪም ይህ አዲስ ብርሃን ነቀርሳ ያመጣ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለጉ። የአይጦችን ጀርባ ላጭተው ለከፊሎቹ ኀይሉ ዝቅተኛ የሆነ የሌዘር ብርሃን ሰጡ፤ የቀሩትን ያለ ብርሃን ተዉአቸው። ነቀርሳ አልታየም። ነገር ግን ብርሃን ባገኙት አይጦች ጀርባ ላይ የተላጨው ጠጉር ከሌሎቹ ፈጥኖ በቀለ።

ሜሽተር የጠጉር መድኃኒት አልፈለጉም ነበር፤ የፈለጉት የአደጋ ምልክት ነበር። ያልጠበቁት ነገር በታየ ጊዜ ግን ልብ ሊሉት የቻሉት፣ ብርሃን ያላገኙ አይጦችን ለማነጻጸሪያ ስላስቀመጡ ነው። ሁሉንም አይጦች በብርሃን አድርገውአቸው ቢሆን ኖሮ፣ የሁሉም ጠጉር መልሶ ስለሚበቅል፣ የብርሃኑን ሥራ ከተፈጥሮ ሥራ ለመለየት ባልቻሉም ነበር። ይህንን ነጥብ አንባቢዎቻችን እንዲይዙልን እንለምናለን፤ የቀረው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

የጠጉር ሕክምና በሚገባ የሚፈተነው እንዴት ነው?

አንድ ሰው የብርሃን ቆብ ገዝቶ ስድስት ወር ቢያደርግና «ጠጉሬ በቀለ» ቢል፣ ሐሰተኛ ነው አንለውም። ነገር ግን ምስክርነቱ አይበቃም። ጠጉር በየጊዜው ይረግፋል፤ በየጊዜውም ይተካል። መታጠቢያው ሲለወጥ፣ አቈራረጡ ሲለወጥ፣ የመስተዋቱ ብርሃን ሲለወጥ ያው ራስ ሌላ መስሎ ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተስፋ ያደረገና ገንዘብ ያወጣ ዓይን የሚወደውን ያያል። ስለዚህ ሊቃውንት ሦስት ነገሮችን ያዛሉ።

አንደኛው፣ ሰዎቹን በሁለት ወገን መክፈል ነው። ክፍፍሉም እንደ ዕቁብ በዕጣ እንጂ በሐኪሙ ምርጫ አይደረግም፤ ሐኪሙ ቢመርጥ ደኅና ጠጉር ያላቸውን ወደሚወደው ወገን ሊያደላ ይችላልና። ለአንደኛው ወገን እውነተኛው መሣሪያ ይሰጣል። ለሌላው ወገን በመልኩ፣ በክብደቱና በሚያበራው ቀለም ያንኑ የሚመስል፣ ነገር ግን የሕክምናው ብርሃን የሌለው ባዶ መሣሪያ ይሰጣል።

ሁለተኛው፣ የትኛው ሰው የትኛውን መሣሪያ እንደ ያዘ ሰዎቹም፣ ጠጉሩን የሚቈጥረውም ሰው እንዳያውቁ ማድረግ ነው። መምህራን ይህን ጥበብ ያውቁታል፤ የተማሪው ስም ተሸፍኖ የሚታረም ወረቀት ከወዳጅነትም ከቂምም የራቀ ውጤት ያገኛልና።

ሦስተኛው፣ በግምት ሳይሆን በቈጠራ መፍረድ ነው። በመመለጥ ላይ ካለው ሥፍራ ጥቂት ካሬ ሳንቲ ሜትር ተመርጦ በትንሽ የንቅሳት ነጥብ ምልክት ይደረግበታል፤ ጠጉሩ በአጭሩ ተከርክሞ በአጉሊ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ወፍራሙ ጠጉር አንድ በአንድ ይቈጠራል። ከወራት በኋላም ያው ሥፍራ ዳግመኛ ይቈጠራል። ጊዜው ከአራት እስከ ስድስት ወር የሚደርሰው፣ ያረፈው ጠጉር ረግፎ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ከዚህ ያነሰ ጊዜ ስለማይበቃ ነው።

ፈተናው ምን አሳየ?

በ2009 በታተመ ጥናት 110 አሜሪካውያን ወንዶች የሌዘር ማበጠሪያ ወይም ባዶ ማበጠሪያ በዕጣ ደርሶአቸው፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 15 ደቂቃ፣ ለ26 ሳምንት ተጠቀሙበት። ወፍራም ጠጉር በይበልጥ የጨመረው እውነተኛውን ማበጠሪያ በያዙት ራስ ላይ ነበር። በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 41 ወንዶች የብርሃን ቆብ አድርገው በየሁለት ቀኑ 25 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 60 ጊዜ ታከሙ። ባዶው ቆብ ተራ ቀይ አምፑል የተተከለበት በመሆኑ በመልክ ከእውነተኛው አይለይም ነበር። በዚህም እውነተኛው ቆብ ብልጫ አሳየ።

ከሁሉም ሰፊ የሆነው በ2014 የታተመው ነው። በዚህ ጥናት 128 ወንዶችና 141 ሴቶች ገብተው ለ26 ሳምንት ልዩ ልዩ የጨረር ቍጥር ባላቸው ማበጠሪያዎች ተፈተኑ። እውነተኛውን ማበጠሪያ በያዙት ዘንድ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የጨመረው ወፍራም ጠጉር፣ በሴቶቹ 20.2 እና 20.6፣ በወንዶቹ 18.4፣ 20.9 እና 25.7 ሆነ። ባዶውን በያዙት ዘንድ ደግሞ በሴቶቹ 2.8 እና 3.0፣ በወንዶቹ 1.6፣ 9.4 እና 9.4 ነበር።

እነዚህን ቍጥሮች አስተውሎ ማንበብ ይገባል። ምንም የሕክምና ብርሃን ያላገኙት ሰዎች እንኳ እስከ 9 የሚደርስ ጠጉር ጨምረዋል! ያለ ማነጻጸሪያ ቢፈተኑ ኖሮ «ባዶ ማበጠሪያ ጠጉር ያበቅላል» ለማለት በተቻለ ነበር። እንግዲህ የብርሃኑ እውነተኛ ሥራ 20 ወይም 25 አይደለም፤ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ነው። ሲቀነስም በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ11 እስከ 18 ጠጉር ያህል ይሆናል። የጣት ጥፍር በሚያህለው በዚህ ሥፍራ ላይ በጤነኛ ራስ ከመቶ የሚበልጥ ጠጉር ስለሚበቅል፣ ትርፉ ከምንም የሚሻል፣ ዳሩ ግን የተመለጠውን ራስ መልሶ የማያለብስ ነው ለማለት እንደፍራለን።

በተጨማሪም ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። ብርሃኑ የቀጨጨውን ሥር ሊያበረታ ይችል እንደ ሆነ እንጂ ከብዙ ዓመት በፊት ልሙጥ ሆኖ በቀረ ቆዳ ላይ አዲስ ሥር አይተክልም። የመመለጥ ዘር በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር ሕክምናው እስከቀጠለ ድረስ ብቻ የሚጠቅም ነው። የ2009ኙንና የ2014ቱን ጥናት በገንዘብ የረዳው ማበጠሪያውን የሚሠራው ድርጅት ራሱ ነው። ይህ ጥናቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን ላምን የሚያደንቅ ሻጭ ሲሆን ገዢው ጥርሷን ራሱ ማየት እንዳለበት የታወቀ ነው።

በማን ራስ ላይ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን ደርሰናል። የቆዳ ሐኪሞች የሰውን ቆዳ በፀሐይ ከመቃጠሉና ከመጥቈሩ አንጻር ከአንድ እስከ ስድስት በሚደርስ ደረጃ ይመድባሉ። አንደኛው እጅግ ነጭ የሆነና በፀሐይ ፈጥኖ የሚቃጠል ሲሆን፣ አምስተኛው ቡናማ፣ ስድስተኛው ጥቁር ነው። የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2007 ለሌዘር ማበጠሪያ የመሸጫ ፈቃድ በሰጠ ጊዜ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ቆዳቸው ከአንደኛው እስከ አራተኛው ደረጃ ለሚመደብ ሰዎች ነው። በ2013 የታተመው የቆቡ ፈተናም የተደረገው ከአንድ እስከ አራት በሚመደቡ ሰዎች ላይ ብቻ ነው። የብዙዎቻችን የኢትዮጵያውያን ቆዳ ግን ከአራተኛው ደረጃ በላይ ነው።

ይህ ልዩነት ለስም ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ለቆዳችን ጥቍረት የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ቀለም ብርሃንን ይውጣል። ስለዚህ በነጭ ቆዳ አልፎ ወደ ጠጉሩ ሥር ከሚደርሰው ብርሃን ከፊሉ በጠቈረው ቆዳ ላይ ሊቀር፣ በዚያም ወደ ሙቀት ሊለወጥ ይችላል። እንዲህ ስንል ብርሃኑ በእኛ ራስ ላይ ከቶ አይሠራም ማለታችን አይደለም፤ ፈተናው ስለ እኛ አልመሰከረም ማለታችን ነው። በሒሳብ የተፈተነ ተማሪ በሒሳብ ያገኘው ውጤት በጂኦግራፊ መዝገብ ላይ አይጻፍለትም። ሻጩ «በአሜሪካን አገር ተፈትኗል» ሲል እውነት ይናገር ይሆናል፤ ነገር ግን የገዢውን ቆዳ አይቶ ፈቃዱ ስለ እርሱ የሚናገር መሆኑን አይነግረውም።

የፈቃዱንም ትርጕም ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ዓይነቱ የመሣሪያ ፈቃድ የሚሰጠው መሣሪያው ቀድሞ በገበያ ላይ ካለ ሌላ መሣሪያ ጋር በአሠራሩና በደኅንነቱ የሚመጣጠን መሆኑ ሲታይ ነው። አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያልፍበትን ረጅምና ጥብቅ ምርመራ አልፏል ማለት አይደለም።

ብርሃን የማያድነው የጠጉር መርገፍ

ለጠጉር መርገፍ ሁሉ ምክንያቱ የዘር ውርስ አይደለም። እዚህ ላይ መምህራን ይበልጥ እንዲያስተውሉ እናሳስባለን። በተማሪዎች ራስ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የሚታየው፣ የሚያሳክክና የሚፈረፈር፣ ጠጉሩን ከቆዳው አጠገብ የሚሰብረው ቆረቆር ከሻጋታ ወገን በሆነ ተሕዋስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። በአንድ ማበጠሪያ፣ በአንድ ቆብ፣ ባልጸዳ የጠጉር መቍረጫም ይተላለፋል። ተሕዋሱ በጠጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ከላይ የሚቀባ ቅባት ብቻውን አያጠፋውም፤ ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልጋል። ቆረቆር ያለበትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ ፈንታ የጠጉር ማብቀያ መግዛት ሌሎቹንም ልጆች ለበሽታው አሳልፎ መስጠት ነው።

ሹሩባ እጅግ ተጠብቆ ሲሠራ፣ ወይም ከባድ ሰው ሠራሽ ጠጉር ሲቀጠልበት፣ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ጠጉር ከሥሩ እየተሳበ ይነቀላል። በጊዜ ከላላ ይመለሳል፤ ለብዙ ዓመት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ልጃገረድ «ራሴን አመመኝ» ስትል ሹሩባው ሊላላላት ይገባል። ከወሊድ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚታየው ብዙ መርገፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና ከባድ ትኩሳት ጠጉርን ያረግፋሉ፤ በእነዚህም ጊዜ የሚታከመው ሕመሙ እንጂ ጠጉሩ አይደለም። እንግዲህ በድንገት የሚረግፍ፣ ክብ ሆኖ የሚመለጥ፣ የሚያቈስል ወይም የሚያሳክክ ነገር የታየበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል።

ለሚገዙ ሰዎች ምክር

በዘር የሚመጣው መመለጥ ያለባቸው ሰዎች ከብርሃኑ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ሚኖክሲዲል የተባለው የሚቀባ መድኃኒት በአሜሪካን አገር በ1988፣ ፊናስቴራይድ የተባለው ለወንዶች የሚዋጠው ደግሞ በ1997 ለዚሁ ነገር ተፈቅደዋል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ሲዘወተሩ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ያለ ሐኪም ምክር መወሰድ የለባቸውም። ፊናስቴራይድ በማኅፀን ያለውን ወንድ ፅንስ ስለሚጐዳ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ክኒን በእጇ እንኳ መንካት አይገባትም።

ከዚህ በኋላም የብርሃኑን መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ለሻጩ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርብ። መሣሪያው በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧልን? ይህኛው መሣሪያ ራሱ ነውን የተፈተነው፣ ወይስ የሚመስለው? ፈተናው ከባዶ መሣሪያ ጋር ተነጻጽሮ ነበርን? የእኔን የመሰለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች በፈተናው ገብተው ነበርን? ስንት ወር ቆየ? ስለ እነዚህ ፈንታ የተመለጠና ያልተመለጠ ራስ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ መልስ የለውም ማለት ነው።

ገዝቶም ከሆነ የብርሃኑን ጨረር ወደ ዓይን አያቅና፤ ቆዳው ቢቃጠል ወይም ቢቀላ ያቁም፤ ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም በስድስተኛው ወር፣ በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት አቈራረጥ ፎቶግራፍ ይነሣና ነገሩን ለማያውቅ ሰው ያሳይ። የትኛው ፎቶግራፍ የፊተኛው፣ የትኛው የኋለኛው እንደ ሆነ ያ ሰው መለየት ካልቻለ፣ መሣሪያው ለእርሱ አልሠራለትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምንም ሕክምና አልፈልግም የሚል ሰው ጤንነቱን የሚያጐድልበት ነገር የለም። የተመለጠውን ራሱን በየጊዜው በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ በደጋው አገራችን የቀትር ፀሐይ ብርቱ ስለ ሆነ ከቤት ሲወጣ ባርኔጣ ያድርግ፤ በአናቱ ላይ የማይድን ቍስል ቢያይ ለሐኪም ያሳይ። ለማበጠሪያው ሊያወጣ የነበረውን ገንዘብም ለልጆቹ ደብተር ወይም ለቤቱ ንጹሕ ውሃ ማጣሪያ ቢያውለው፣ ጥቅሙን ያለ ፎቶግራፍ ያየዋል።